ከደብዳቤው የጎደሉት ገጾች

ምክትል በሰው አገር የጻፈችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ታርሞ ሲመለስላት፣ ቀድማ ያየችው ውጤቱን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በእርሳስ የተሰመረችውን ቀጭን መስመር ነው። መስመሯ ቁጣ የለባትም፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት በጠመኔ እንደሚያሰምራት ዓይነት፣ ቀስ ተብላ የተሳበች ናት። አራተኛው ገጽ መሐል ላይ ስትደርስ በኅዳጉ በኩል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ አገኘች፦ «ጽሑፍሽ የሚጀምረው እዚህ ነው።»

ሦስት ገጽ! እነዚያን ሦስት ገጾች ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባታል። አንባቢውን በአክብሮት ተቀብላበታለች፣ ጉዳዩን ከሥሩ አንስታበታለች፣ ከእሷ በፊት የጻፉትን አመስግናበታለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሰው ፊቷን እንዳያይባት መስኮት መስኮቱን እያየች ወጣች።

«ምክትል» እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የፍርድ ቤት ባለጉዳዮች የለጠፉባት ነው። አባቷ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እናቷ የሞተችው ታናሽ እህቷ ገና ዳዴ ስትል ስለሆነ፣ ሕፃኗ ከአክስት ጋር ስትውል ምክትል አባቷን ተከትላ እየሄደች ከጠረጴዛው ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጥ ነበር። ካርቦኑን በሁለቱ ወረቀቶች መሐል የምታስገባው እሷ፣ ፊርማ የማያውቅ ሰው ሲመጣ የቀለሙን ሳጥን ከፍታ አውራ ጣቱን የምታስነካው እሷ። አንድ ቀን አንዲት ባለጉዳይ መጥተው ጸሐፊውን ሲያጡ፣ «እሳቸው ከሌሉ ምክትላቸው አለች» ብለው የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ቁጭ አሉና ብሶታቸውን ዘረገፉላት። ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት ሰው የለም።

አባቷ ነገር አያሳጥሩም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበር። ዋና ጉዳዩን በመጀመሪያው መስመር እንዲጽፉላቸው የሚጎተጉቱ ችኩል ባለጉዳዮች ሲገጥሟቸው ደግሞ ብዕራቸውን ያስቀምጡና፣

«ወንድሜ፣ ሰው ቤት ስትሄድ በሩን በርግደህ ጓዳ ትገባለህ? ታንኳኳለህ። እንደምን ዋላችሁ ትላለህ። ስለ ልጁ ስለ ጤናው ትጠይቃለህ። ወንፊት አውሱኝ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛም ሰው ነው፤ በሩን አንኳኳለት» ይሉ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊም ቢሆን የእሳቸው ጽሕፈት ሲደርሰው ወንበሩን ሳብ፣ መነጽሩን ጠረግ አድርጎ ነበር የሚያነበው ይባላል። ምክትል ሕግ ተምራ በዚያው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ስትሆን፣ ቀጥሎም የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝታ ስትሄድ፣ ይዛው የሄደችው ይህንኑ ማንኳኳት ነው።

የሄደችበት ዩኒቨርሲቲ ግን በሩ ሁሉ ክፍት ሆኖ ጠበቃት።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት፣ ከግድግዳው ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ማሞቂያ። ዝናብ የመታው ካፖርት ሁሉ በሩ ጎን ይሰቀልና እርጥብ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስጽፍ መምህር የለም። መምህርቷ አጭር፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴት ናቸው፤ እንደማንም ከተማሪዎቹ መሐል ቁጭ ይሉና፣ «እሺ፣ ምን አሰባችሁ?» ብለው ዝም ይላሉ። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። ተማሪው በስማቸው ይጠራቸዋል። ቋንቋው ደግሞ «አንቺ» እና «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለውሻውም፣ ለአውቶቡስ ነጂውም፣ ለፕሮፌሰሩም አንድ ቃል ነው። ምክትል ያቺን ቃል ለመምህርቷ ስትናገር ሁሌ ትንሽ አንገቷን ሰበር ታደርግ ነበር፤ ቋንቋው የነፈገውን አክብሮት በአንገቷ ልትሞላ።

በሦስተኛው ሳምንት እንደ ምንም ብላ እጇን አነሳች። ከፊቷ የሚቀመጠው ቀጭን ረጅም ልጅ፣ በልቧ «ችኩሉ» ያለችው፣ ስለ አቤቱታ መብት አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ የተናገረውም ስህተት ነው። ይህን ነገር ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም፣ በአቤቱታ ካርቦን ጣቷ ጠቁሮ ያደገች ናት። መምህርቷ በዓይናቸው ፈቀዱላት።

«ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከእኔ በፊት የተናገረውን ጓደኛችንን ላመሰግን እወዳለሁ» አለች። «ያነሳው ሐሳብ ክብደት ያለው ነው። እኔ በጉዳዩ ላይ ሰፊ እውቀት ባይኖረኝም፣ ሐሳቤ እስከ ደረሰበት ድረስ...» ትንፋሽ ልትወስድ አንድ አፍታ ቆም አለች።

«ባጭሩ ከእኔ ጋር ተስማምታለች» አለ ችኩሉ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወሬው ወደ ሌላ ተሻገረ። ምክትል ተሳስተሃል ልትለው ኖሮ፣ ደግፋው ተቀመጠች!

በምሳ ሰዓት ከደረጃው መታጠፊያ መስኮት ሥር መቀመጥ የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ማንም ማንንም አያይም። እሷ ግን ዓይኗን ስትጨፍን የአባቷ ጠረጴዛ ፊቷ ድቅን ይላል፤ በሦስት ዓይነት ክር የተጣፈው ጥላ፣ ነፋስ ወረቀት እንዳይወስድ የሚጫነው ለስላሳ ድንጋይ፣ የማኅተም ቀለም ሽታ። ከሁሉ ይልቅ የናፈቃት ግን አሰማማቸው ነው። አንዲት ሴት ስለ ጎረቤቷ ዶሮ ልትከስ መጥታ ከአያቷ የሠርግ ቀን ትጀምራለች። አባቷ አያቋርጡም። ብዕሩን አጋድመው፣ እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ «እህ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ከአያት ሠርግ ተነስታ፣ በወሰን ድንጋይ አድርጋ፣ ዶሮዋ ጋ ስትደርስ ፀሐይ ዞሮ ጥላው እግራቸውን ትቷል። «አንዳንዱ ሰው የሚመጣው ለመናገር ነው» ብለዋት ነበር አንድ ቀን። «ማመልከቻው ምርቃት ነው።»

ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ፣ ጽሑፏን ይዛ የመምህርቷን ቢሮ አንኳኳች። ገባች። ስለ ሰጧት ጊዜ አመሰገነች። ሥራ እንደሚበዛባቸው እንደምታውቅ ተናገረች። የአየሩን ቅዝቃዜ አነሳች። በትምህርቱ ብዙ እየተጠቀመች መሆኑን ገለጸች። መምህርቷ እርሳሳቸውን ይዘው በትዕግሥት ይመለከቷታል። በመጨረሻ ፈገግ አሉና፣

«አምስት ደቂቃ ሆነ» አሏት። «ለምን እንደመጣሽ አሁንም አላወቅኩም።»

የምክትል ጆሮ ጋለ። «ለምን... ለምን ሦስቱን ገጾች እንደሰረዟቸው ልጠይቅዎ ነው።»

«አየሽ? ይቺ ናት ጽሑፍሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ለምን ደበቅሻት?»

«አልደበቅኋትም። እየሸኘኋት ነበር።»

መምህርቷ ሳቁ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። «ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ታመጪልኛለሽ። ከአንድ ገጽ አንድ መስመር ካለፈ አላነብም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የምትፈልጊውን ይናገር። ሌላው ሁሉ ምክንያት ነው።»

ምክትል ቤት የምትጋራት ሴት ከሌላ አገር የመጣች ፋርማሲስት ነበረች፤ ድምጿ ወፍራም፣ ልቧ ገር። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ በተማሪ ቤት ቋንቋ እየተንገዳገዱ ይግባባሉ። ፋርማሲስቷ ነገሩን ስትሰማ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች።

«ይሄማ ምን ችግር አለው፣ የመድኃኒት ማዘዣ ማለት ነው! የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ በቀን ስንት ጊዜ። 'የተከበርክ በሽተኛ ሆይ፣ ጉበትህ እንደምን ከረመ' ተብሎ አይጻፍም።»

በኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ራት ከበሉ በኋላ ገጹን ያነጥፉታል። ፋርማሲስቷ እርሳሷን ታነሳና፣ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ትላለች። «ትሁት ታደርገኛለች» ትላለች ምክትል። ጭረት። «ይቺስ?» «ላለመሳሳት ናት።» ጭረት። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዷ ጭረት ሥጋዋን እንደ መቆንጠጥ ነበረች። እያደር ግን ሌላ ስሜት መጣ፤ ከባድ ሸክም አውርዶ እንደሚሄድ ሰው፣ እጇ ቀለላት። በሰባተኛው ሳምንት ችኩሉ እንደ ልማዱ ተናግሮ ሲያበቃ፣ እጇን ሳታነሳ፣

«አልስማማም። ምክንያቴ ሁለት ነው» አለች።

ማሞቂያው ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሁለቱን ምክንያቶች ተናግራ ዝም ስትል፣ ችኩሉ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር። ያን ቀን ዝናቡ እየደበደባት፣ ካፖርቷን እንኳን ሳትቆልፍ፣ እየሳቀች ቤቷ ገባች።

የፈተናው ሳምንት ላይ የአባቷ ደብዳቤ ደረሰ። እንደ ሁልጊዜው ስድስት ገጽ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየስሙ ሰላም ብሎበታል። አባቷ ስልክ አይወዱም፤ «ስልክ የችኩል ሰው ደብዳቤ ነው» ባይ ናቸው። ምክትል ደብዳቤውን በቁሟ አነበበችና በዚያው በቁሟ መለሰችላቸው፦

«አባባ፣ ደህና ነኝ። ፈተና ላይ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። 1ኛ፣ ዓይንዎን ሐኪም አየው? 2ኛ፣ እህቴ ኮሌጅ ቀየረች ወይስ አልቀየረችም? ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

ፖስታውን ስታሽግ ምንም አልተሰማት። እንዲያውም በልቧ ትንሽ ኩራት ነበራት፤ አንድ ትርፍ ቃል የለውም።

አንድ ወር ሆነ፤ መልስ የለም። ሌላም ሁለት ሳምንት። ከዚያ የእህቷ ጽሕፈት ያለበት ወፍራም ፖስታ መጣ። ወደ ክፍል ልትሄድ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ነበረች። ውስጡ አጭር የእህቷ ማስታወሻና አንድ በካርቦን የተገለበጠ ወረቀት አለ።

«አባባ ደብዳቤሽን ሲያገላብጡ ዋሉ» ይላል ማስታወሻው። «ጀርባውን አዩ፣ ፖስታውን በብርሃን አዩ። በማግሥቱ ይቺን ጽፈው ወደ ፖስታ ቤት ይዘው ሄዱ። ግልባጩን የላክሁልሽ ተደብቄ ነው። አንቺ ግን ምን ነካሽ?»

ምክትል ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የአባቷ እጅ ነው፤ ግን መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል። ዓይናቸው እንዲህ መድከሙን ማንም አልነገራትም።

«ለዋናው ፖስታ ቤት ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ ከልጄ ደብዳቤ የጎደሉ ገጾች ተፈልገው እንዲሰጡኝ ስለመጠየቅ።

ከሁሉ አስቀድሜ መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ስለሚሰጠው አገልግሎት ያለኝን ምስጋና አቀርባለሁ። እኔ አመልካች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ስህተት ቢገኝበት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጄ በውጭ አገር በትምህርት ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ከአምስት ገጽ አሳንሳ አታውቅም። የበላችውን፣ ያየችውን፣ ያሳቃትን ሁሉ ትጽፍልኛለች። በዚህ ወር የደረሰኝ ግን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ሰላምታ የለውም፤ መሰናበቻም የለውም። ጥያቄዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ፖስታው አለመቀደዱን አይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ልጄን አውቃታለሁ። ስለዚህ ወይ ገጾቹ ጠፍተዋል፣ ወይ ልጅቷ ጠፍታብኛለች። ገጾቹ ከሆኑ መሥሪያ ቤቱ እንዲያፈላልግልኝ፣ ልጅቷ ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመራኝ ከታላቅ አክብሮት ጋር አመለክታለሁ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቁጥር ስለተሰጣቸው ጥያቄዎች የተጻፈችው አሳቀቻት። ከዚያ «ልጅቷ ከሆነች ደግሞ» የምትለው ጋ ስትደርስ ካፖርቷን እንደለበሰች እዚያው ደረጃው ላይ ተንሰቀሰቀች። ያን ቀን ክፍል አልሄደችም።

ልትጽፍላቸው ቁጭ አለች። ግን ጉድ መጣ፤ እጇ እምቢ አላት። «ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክንያቱም» ብላ ጻፈችና ቀደደችው። «ስህተት ፈጽሜያለሁ» ቀደደችው። ሁሉም ማዘዣ ማዘዣ ይላል። ፋርማሲስቷ ከሥራ ስትገባ ወለሉ በቅዳጅ ወረቀት ተሞልቶ፣ እሷ ራሷን ይዛ አገኘቻት። ነገሩን ሰማች። ግልባጩን ተቀብላ፣ ማንበብ የማትችለውን ፊደል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ» አለች።

«አይ፣ አንቺማ...»

«ዝም በይ። ወንበር ሳቢ። እኔ አባትሽ ነኝ። አውሪኝ፣ በቋንቋሽ።»

«አንድ ቃል አይገባሽም እኮ!»

«አባቶች ሁሉ አይገባቸውም። ዝም ብለው ይሰማሉ። አውሪ።»

ምክትል በእፍረት ጀመረች። «አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለች ለዚያች ባዕድ ሴት። ፋርማሲስቷ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ፣ እህ፣ አለች። ማንም ሳያስተምራት! ከዚያ ወዲያ ቃሉ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወረደ። ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ችኩሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሳያያት በር ስለሚዘጋባት አውቶቡስ ነጂ፣ ተማሪ በስማቸው ስለሚጠራቸው አሮጊት ምሁር አወራች። ስትጨርስ ብዕሯን አነሳችና ያወራችውን እንዳወራችው ጻፈችው። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ይቅርታዋ ያለው ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ጽሑፍ የማቅረብ ተራዋ ነበር። ያዘጋጀችውን ትታ የአባቷን ማመልከቻ ተርጉማ አነበበችው፣ ከሰላምታው እስከ «ከታላቅ አክብሮት ጋር»። ትርጉሙ እንደ ፈዘዘ ጨርቅ ነበር፤ ግማሹ ቀለም በመንገድ ቀርቷል፣ እሷም ታውቀዋለች። ቢሆንም ማንም አላቋረጣትም። ስትጨርስ መጀመሪያ የተናገረው ችኩሉ ነው።

«ከዚያስ?» አለ። «ፖስታ ቤቱ ምን አለ?»

«እህቴ እንደጻፈችልኝ፣ ሥራ አስኪያጁ አስቀመጧቸው፣ ውሃ ሰጧቸው፣ ፖስታው ታሽጎ መምጣቱን ነገሯቸው።»

«ይኸው ብቻ?» ልጁ ከልቡ አዘነ።

መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብለው እርሳሳቸውን አዘጋጁ። ከላይ ጀመሩ፤ ወረዱ፤ እርሳሷ ወረቀቱን ሳትነካ እስከ መጨረሻው ወረደች። «ከዚህ የማወጣው የለኝም» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ምክትል አንስተው፣ «ካለፈው ሳምንት ጽሑፍሽ ግን ሁለተኛዋ አንቀጽ ትውጣ» አሏት። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

የአባቷ መልስ የመጣው ከወር በኋላ ነው፤ በእህቷ እጅ ተጽፎ። «ገጾቹ በሙሉ ተገኝተው ደርሰውኛል። ለፖስታ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ አስገብቻለሁ» ይላል መጀመሪያው።

ምክትል ትምህርቷን በሁለተኛው ዓመት ጨርሳ ተመለሰች። አባቷ ጠረጴዛቸውን አጥፈው ቤት ውለዋል፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትገባ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ቁጭ ትልና የመመረቂያ ጽሑፏን እየተረጎመች ታነብላቸዋለች።

«ይሄ በየገጹ ግርጌ የምታነቢው ስም ሁሉ የማን ነው?» አሏት አንድ ቀን።

«ምስክሮቼ ናቸው አባባ። ያልሁትን የሚያረጋግጡልኝ።»

«እንዲህ ምስክር የሚያበዛ ሰው ነገሩን ራሱም አላመነበትም ማለት ነው» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጽሑፉ ሲያልቅ፣ ደህና ነው አሉ፤ ፊታቸው ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ «ለመሆኑ ያቺ መድኃኒት ቀማሚዋ ልጅ አገባች? ያ ችኩል የምትይውስ፣ ሰው ወጣው?» ብለው ጠየቁ። ምክትልም መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው። ስለ ከተማው ዝናብ፣ ስለማይከፈተው መስኮት፣ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ስለተሰረዙት ዓረፍተ ነገሮች፤ ከሰዓት ከሰዓት፣ ያን ዓመት ሙሉ። እዚያ ሳለች የቤቷ ናፍቆት ያሰቃያት የነበረችው ሴት፣ አሁን በአባቷ በረንዳ ሆና የዚያን አገር ደረጃና የዚያን አገር ሰው ስትናፍቅ ራሷን ታገኘው ነበር። አባቷ አያቋርጧትም፤ አንድ ነገር የዘለለች ሲመስላቸው ብቻ እጃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ይመልሷታል።

በቀጣዩ ክረምት ዐረፉ። ምክትል ዛሬ ዳኛ ናት። ሰዎች ስለ ውጭ አገር ትምህርቷ ሲጠይቋት ከሦስተኛ ፎቁ ክፍል ትጀምራለች፤ ሳታስበው ግን በረንዳው ላይ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ራሷን ታገኘዋለች፤ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ እሷም መለየቱን ትታዋለች።